ሦስቱ ካልተስማሙ

እትዬ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዛ በኮሪደሩ ስታልፍ፣ ታናሽ ወንድሟ ከቢሮው በር ጀርባ ሆኖ በስልክ፣ «ከሠራተኞቼ አንደኛዋማ የገዛ አክስቴ ናት። ዓይኗ እንደ ሰው ዓይን እንዳይመስልዎት፣ ጭልፊት ነው። ከሰዓት ስትመጡ ራሳችሁ ታዩአታላችሁ» ሲል ሰማችው። ትሪውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ቆመች። ወንድሟ እየዋሸ ቢሆን ደስ ባላት ነበር። ውሸታም ሰው ቢያንስ እውነቱን የት እንዳስቀመጠው ያውቃል፣ ሲቸግረው ሄዶ ያመጣዋል። ይሄኛው ግን የሚለውን ከልቡ ያምናል። በኩባንያው ወረቀት ላይ ሥራ አስኪያጅ ይባላል፣ እቤት ውስጥ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ማሙሽ ነው፤ ጸጉሩ መሸሽ ከጀመረ በኋላም ማሙሽነቱ አልሸሸም። አክስቱን በየቀኑ ያገኛታል፣ አብሯት ይበላል፣ ያስቃታል። ልብ ብሎ ካያት ግን ብዙ ጊዜው ነው።

ደግሞስ በማሙሽ አይፈረድም። ያቺ ሴት ዓይን ነበራት። ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጣቃ መርማሪ ሳለች፣ ጨርቁ ገና ከማሽኑ ሳይወርድ በሩ ላይ ቆማ «ከመሃሉ አለፍ ብሎ አንድ ክር ዘሏል» ትላለች ይባላል፤ ጣቃው ይዘረጋል፣ ክሩ ዘሏል። ሌላው ነገሩን ያሳድገውና፣ በመንገድ የሚያልፍ አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የሸሚዙ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር መተከሉን አይታ ሹፌሩን አስቁማለች ይላል፣ ይምልበታልም። መማሉ ነው ያጋለጠው እንጂ ከሷ አይቀርም ተብሎ ይታመን ነበር። እትዬና ማሙሽ በልጅነታቸው ወላጆቻቸውን ሲያጡ ወስዳ ያሳደገቻቸው በዚያው ዓይን ነው። ቤቱ የራሷ ነው፤ ጫማውን፣ ደብተሩን፣ የሐኪሙን ግን የከፈለው ዓይኗ ነው። ማሙሽ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መነጽር አድርጎ የመጣ ቀን፣ «በኔ ዓይን ተምረህ የራስህን ጨረስከው» ብላ እስክታነባ ስቃበታለች።

አሁን የቤቱ ፊት ለፊት ኩባንያ ሆኗል። ሳሎኑ ውስጥ ሽቦ፣ ካሜራና ካርቶን ተቆልሎ ሶፋው የት እንደነበር የሚያስታውሰው ምንጣፉ ብቻ ነው። ማሙሽ የሚሠራው ነገር ሲያዩት የሳሙና ሣጥን ይመስላል። ትራክተር ከኋላው በሚጎትተው የመድኃኒት መርጫ ላይ ይታሰርና መሬት መሬቱን እያየ ይሄዳል፤ አረም ያየ እንደሆነ የመርጫውን አፍ ይከፍታል፣ ሰብል ያየ እንደሆነ ዘግቶ ያልፋል። በአዲስ ትራክተር ላይ ይሠራል፣ አያት በሆነ፣ ጭሱ ከራሱ ቀድሞ ማሳው በሚደርስ ትራክተር ላይም ይሠራል፤ ገበሬዎች የወደዱለት ይህንኑ ነው። ለትራክተር የሚከፍለው የሌለው ሰው ለሣጥን የሚከፍለው አያጣም። ችግሩ ሣጥን በተፈጥሮው ደንቆሮ መሆኑ ነው። አረሙን ከሰብል እንዲለይ ከተፈለገ፣ ከማሳ የተነሡ ፎቶዎች አንድ በአንድ እየታዩ፣ ይሄ ይሄ ነው፣ ያ ያ ነው ተብሎ መማር አለበት። ትምህርት ቤቱ ከወጥ ቤቱ ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። አስተማሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ አክስት፣ እትዬ፣ ከጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ልብስ ሰፊ። ሦስቱም ኮምፒዩተር ፊታቸው ተቀምጦላቸዋል። ፎቶው ሲመጣ ለአረም ቀይ ይጫናሉ፣ ለሰብል አረንጓዴ።

የክፍሏን ሕግ ያወጣችው አክስት ናት። በፋብሪካው ዘመን አንድ ጣቃ ተበላሽቷል የሚባለው ሦስት መርማሪዎች ሲስማሙ ብቻ ነበር፤ የተበላሸ ጣቃ ከሸማኔው ደመወዝ ይቆረጣልና በአንድ ሰው ዓይን የሰው ዳቦ አይነካም። «እዚህም እንደዚያው ነው» አለች ሥራው የተጀመረ ዕለት። «ሦስታችንም ቀይ ካላልን ቀይ አይደለም። አንዳችን እንኳ ከተጠራጠርን ይለፍ።» ማሙሽ ለምን ሳይል ሕጉን እንዳለ ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። ሕጉ ባይኖር ኖሮ የአንዷ ዓይን ቢደክም ሁለቱ ይሸፍኑላት ነበር። ሕጉ ስላለ ግን፣ ከሦስቱ ዓይኗ የደከመው ሴት የሁሉም አዛዥ ሆና ተቀመጠች።

እትዬ ያወቀችው በካፖርት ነው። አንድ ጠዋት አክስት በኮሪደሩ ስታልፍ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የማሙሽን ካፖርት «ደህና አደርክ ልጄ» አለችው። ካፖርቱ ዝም አለ። «በልተሃል?» አለችው። አሁንም ዝም። ቁርስ ላይ ማሙሽ ሲቀርብ፣ «ሰው ሥራ አስኪያጅ ሲሆን ሰላምታ ይወደድበታል መሰለኝ» አለችው፤ እሱም ጥፋቱን ባያውቀውም ይቅርታ ጠየቀ። እትዬ ዳቦውን መቁረጧን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንዴ ብቻ ነካ አድርጋው ታውቃለች፤ የጎረቤቷ ሴትዮ የዓይኗን ሞራ አስገፍፋ በሳምንቱ መርፌ ውስጥ ክር አስገባች ብላ እንደ ዋዛ ጣል አደረገች። አክስት፣ «እሷ እኮ አርጅታለች» አለችና ወሬውን ወደ ቲማቲም መወደድ አዞረችው። ልብስ ሰፊዋም ታውቃለች፤ ሳትጠየቅ የአክስትን መርፌ ክር እያስገባች ታስቀምጥላታለች። ሦስት ሴቶች በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር እያወቁ ሳያወሩት ይውላሉ። የሚያወሩት ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ውሃ መጥፋት፣ ልብስ ሰፊዋ ቀሚስ ሰፍታላት ሳትከፍል ስለጠፋችው ደንበኛ ነው።

ፎቶ ሲመጣ አክስት ጎንበስ ትላለች፣ ትንሽ ትቆያለች፣ አረንጓዴ ትጫናለች። ቅጠሉ የተንጨፈረረ ግልጽና ግልጽ አረም ከሆነ ቀይ ትላለች፤ ደብዘዝ ያለውን ሁሉ ታሳልፋለች። ሣጥኑም እንዳሳደጉት አደገ። «የናንተ ማሽን ደግ ነው» ይላሉ ገበሬዎቹ። «አረሙን አንዳንዴ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል፤ ቡቃያ ግን አቃጥሎብን አያውቅም።» አንዱማ፣ ማሳዬ መሃል ቤት የሚያህል አረም አለ፣ ሣጥኑ በአጠገቡ ሲያልፍ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ይለዋል ብሎ ማሙሽን አስቆታል። ማሙሽ ለገዢዎቹ ይሄንን ሲያብራራ፣ ጥንቃቄ የተሞላበት ስሌት ነው ይላል። ስሌቱ ማን እንደሆነች እትዬ ታውቃለች፤ ሰማያዊ ቀሚስ ትወዳለች፣ ሻይዋን ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው።

ዛሬ ኩባንያውን ሊገዙ የሚመጡት ከትልቁ የትራክተር ፋብሪካ ናቸው። ዋናው ነገር በወረቀት አልቋል ተብሏል፤ የቀረው ሣጥኑን ያስተማሩትን ሰዎች ሲሠሩ ማየትና አንድ ነገር ማስፈረም ነው። ስለዚህ ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ ተገለባብጧል። ማሙሽ ወንበር ተከራይቶ አመጣ፣ ካርቶኖቹን ወደ መኝታ ቤቱ ገፋ፣ ከዚያ ወጥቶ አበባ ይዞ ተመለሰ። ልብስ ሰፊዋ አበባውን ከላይ እስከ ታች ለካችው።

«ይቺን እቅፍ በስንት ገዛሃት?»

ነገራት።

«በዚህ ዋጋ እኮ የአንድ ሙሽራ ቀሚስ ገበር ይወጣል።»

«ዛሬም ሠርግ ነው በይው» አለ ማሙሽ እየሳቀ። «ኩባንያውን ልድር ነው።»

«ሙሽሪት ታዲያ እዚሁ ነው የምትኖረው ወይስ ይዘዋት ይሄዳሉ?»

ማሙሽ አበባውን ወደ መስኮቱ አስጠጋ፣ እንደገና አራቀው፣ ስልኩን ሊያነሣ ወጣ። ስልኩ አልጮኸም ነበር። እትዬ ተከትላው ወጣች። ኮሪደሩ ላይ አስቁማው ልትነግረው ነበር፤ ቃሉን ጠዋቱን ሙሉ በምላሷ ስታገላብጠው ውላለች። ግን እንዴት ተብሎ ይነገራል? አክስቴ አታይም ማለት አክስትን ማሳጣት ነው፤ እሷ በገዛ አፏ ያላለችውን፣ ያውም ዓይኗን፣ ከጀርባዋ ማውጣት ነው። ደግሞ ማሙሽ ሲደነግጥ ያውቅበታል፤ ሮጦ ሄዶ «አክስቴ እውነት ነው?» ብሎ በሰው ፊት ይጠይቃታል። ሽያጩ ቢቀር ይቅር፣ ሴትዮዋ ከዚያች ወንበር ከተነሣች ግን ምን ላይ ትቀመጣለች?

«ማሙሽ፣ ስለ አክስቴ...»

«ይገባኛል እትዬ። ከሽያጩ ለሷ ያሰብኩትን ቆይ ታያለሽ» አለና ትከሻዋን መታ አድርጓት አለፈ። እትዬም ዝም አለች፤ ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ ግን ይከብዳል።

አክስት ክፍሏ ውስጥ እየለበሰች ነበር። ያቺ ክፍል ለሚያያት ንጹሕ ናት፣ ለሚያውቃት ግን ካርታ ናት። ጫማዎቹ ግድግዳውን ተጠግተው አፍንጫቸውን በአንድ ወገን አዙረዋል፣ ኩባያው ከአልጋው ራስጌ ፈቀቅ አይልም፣ ማበጠሪያው ሁልጊዜ ከመስተዋቱ በስተግራ ነው። ሰው አንዱን ካንቀሳቀሰ ቤት እንደተዘረፈ ትቆጣለች። አሁን ግራጫውን ቀሚስ ይዛ ወደ መስኮቱ ዞራ ቆማለች።

«ይቺን ሰማያዊዋን ልልበስ አልኩ» አለች።

«እሷ አልተተኮሰችም» አለች እትዬ፣ ግራጫውን ከእጇ ወስዳ ሰማያዊውን እየሰጠቻት። «ይቺን ልበሺ፤ አክስቴ፣ ዛሬ ግን ብታርፊስ? ራሴን አመመኝ ብትዪ ማንም አይጠይቅሽም።»

«ራሴን ሳያመኝ?»

«ሰዎቹ ብዙ ያስቀምጡሻል ብዬ ነው።»

አክስት ቀሚሱን በጭንቅላቷ እያስገባች ከውስጥ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ የተቀመጥኩት ለማየት ነው» አለች። «አሁን እኔን ሊያዩ ሲመጡ ልተኛልሽ?» ከቀሚሱ ስትወጣ ፀጉሯ ተበታትኗል፣ ፊቷ ግን እንደ ልጃገረድ ፊት ደስ ብሎታል። እትዬ ማበጠሪያውን ከመስተዋቱ ግራ አንሥታ ታበጥራት ጀመር። ማበጠሪያው ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። እትዬ እያበጠረች ሳለ ነው ዘዴ ያገኘችው፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ፎቶው አረም ሲሆን ከጠረጴዛው ስር እግሯን ጫን ታደርጋታለች። ብልጥ ዘዴ መሰላት። ብልጥነት ሲቸኩል ከጎኑ ያለውን ሰው ስሜት እንደሚረግጥ ግን አላሰበችም።

እንግዶቹ ሲመጡ ሁለት ነበሩ። አንደኛዋ የፋብሪካው መሐንዲስ፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሴት፤ ጫማዋ ላይ የማሳ አፈር ደርቋል። ሌላው ጠበቃ ነው፣ ቦርሳውን እንደ ታመመ ሕፃን ጭኑ ላይ አቅፎ የሚቀመጥ። ሻይ ተቀዳ፣ አበባው ተደነቀ፣ ማሙሽ ስለ ስሌቱ ተናገረ። ከዚያ ሁሉም ወደ ጠባቧ ክፍል ገቡ። ክፍሏ ለሦስት ሰው ትጠባለች፣ ለስድስት ሰው መተንፈስ በተራ ነበር። ጠበቃው በሩ ላይ ቆሞ ምን እንደሚፈለግ በትሕትና አስረዳ። «ሣጥኑን ያስተማራችሁት እናንተ ናችሁ። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ የሱን ሣጥን አስተምሩልኝ ቢላችሁ እሺ እንዳትሉ፣ ያቺን ቃል ነው የምትፈርሙት። ከዚያ በፊት መሐንዲሷ ሥራችሁን ትንሽ ትመልከት» አለ። አክስት በሰማያዊ ቀሚሷ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። መሐንዲሷ ከኋላዋ ቆመች፤ ከሌሎቹ ኋላ ሳይሆን ከሷ ኋላ። ጭልፊቷን ነው ለማየት የመጣችው።

የመጀመሪያው ፎቶ መጣ። አረም ነው። እትዬ ከጠረጴዛው ስር የአክስትን እግር ጫን አደረገችው። የአክስት እጅ አረንጓዴው ላይ ሊያርፍ ሲል ቆመ፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆሞ ቀይ ላይ ወደቀ። ሦስቱም ቀይ። መሐንዲሷ ራሷን ነቀነቀች። ሁለተኛው ሰብል ነበር፣ እግር ዝም አለ፣ አክስት አረንጓዴ አለች። ሦስተኛው አረም ነው፤ እትዬ እንደገና ጫነች። ይሄኔ አክስት እግሯን ቀስ ብላ አወጣችና ከወንበሯ ስር ሰበሰበችው። ፊቷን አላዞረችም። እትዬ የፊቷን ጎን ብቻ ነው ያየችው፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልቷል። ለስንት ጊዜ ተደብቃ የኖረችበትን ቤት ቁልፍ አንድ ሰው ይዞት እንደነበር ያወቀች ሴት ጆሮ ነው። እትዬ ልትይዛት፣ ይቅር በይኝ ልትላት ፈለገች፣ ግን በዚያች ክፍል ውስጥ ይቅርታ የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረም። አክስት አረንጓዴ ተጫነች። ቀጥሎም አረንጓዴ። ቀጥሎም።

«እማማ» አለች መሐንዲሷ ጎንበስ ብላ፣ «ይቺኛዋን ለምን አሳለፏት?»

«እሱ ጥንቃቄው ነው» አለ ማሙሽ ከበሩ። «ቅድም እንዳልኩት ስሌቱ...»

«እሳቸውን ነው የጠየቅሁት።»

አክስት እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች። እትዬን ምላሷ ቀደማት። «ቅጠሏ ክብ ስለሆነች ነው» አለች፤ «ክብ ቅጠል ሲሆን እንጠራጠራለን።» ፎቶው ላይ ያለችው ቅጠል እንደ መርፌ ቀጭን ናት። መሐንዲሷ ፎቶውን አየች፣ እትዬን አየች።

«ተይ ልጄ» አለች አክስት፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ያሳለፍኳት ስላላየኋት ነው።»

«ምኗን?»

«እሷን። ቡናማ ነገር ነው የሚታየኝ። አፈር ይሁን ቅጠል ይሁን አላውቅም፤ የተኛ ድመትም ቢሆን አይገርመኝም። ያላየሁትን ቀይ ነው ማለት ደግሞ ለምጄ አላውቅም።»

ማሙሽ ሳቀ። አክስቱ ቀልድ ትወዳለች፣ ቀልድ መስሎታል። ብቻውን መሳቁን ሲያውቅ አቆመ። አክስት ድምፁን ተከትላ ፊቷን አዞረች። «ማሙሽ» አለችው፣ «ትንሽ ወዲህ ቀረብ በል። የማናግረው አንተን ይሁን መስኮቱን አልለይም።» ልብስ ሰፊዋ እጇን ከማውሱ ላይ እንደ ጋለ ካውያ አነሣችው። እትዬ ዓይኗን ጨፍና ጠበቃው ቦርሳውን ዘግቶ ሲሄድ፣ ማሙሽ ሲጮህ፣ አክስት ከወንበሯ ስትነሣ ትጠብቅ ጀመር።

ጠበቃው ግን ከመሐንዲሷ ጋር ሁለት ቃል ተንሾካሸከ፣ ብዕሩን አወጣና ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ሰረዘ። «እንግዲያ እሳቸው መፈረም አያስፈልጋቸውም» አለ፤ ለአሮጊት ሸክም እንደሚያቀል ሰው በደግ ድምፅ። «ስማቸውን አውጥቼዋለሁ። የሁለቱ ይበቃል።»

ማሙሽ፣ «ሽያጩስ?» አለ።

«ሽያጩ ምን ይሆናል? ሣጥኑን ማን አስተማረው ለኛ ለውጥ የለውም፤ አንሠራበትም እኮ። የራሳችን አለን፣ ከአዲሶቹ ትራክተሮቻችን ጋር አብሮ ተሠርቶ ነው የሚወጣው። የናንተው በየአሮጌው ላይ እየታሰረ ሰው አዲስ መግዛት እየተወ ተቸገርን እንጂ። የሣጥናችሁ ምርት በዚህ ወር ይቆማል፤ ይሄን ከመጀመሪያው ተነጋግረናል።»

ተነጋግረናል ሲል ማሙሽን ነው ያየው። ማሙሽ ወለሉን አየ። እትዬ ወንድሟን አየችው፤ ጠዋት አበባ ሲያስጠጋና ሲያርቅ የነበረውን ያንን እጅ አየችው፣ ያልጮኸውን ስልክ አሰበችው። እሷ አንድ ነገር ስትደብቀው እሱም አንድ ነገር ሲደብቃት፣ በአንድ ገበታ ዳቦ ሲቆራርሱ ከርመዋል። ልትጠይቀው አፏን ከፈተች፣ ጥያቄው መልሱን ይዞት እንደመጣ ሲገባት ዘጋችው። ስለነዚያ አያት ትራክተሮች፣ ከነጭሳቸው ማሳ ዳር ቆመው ሣጥኑ ሲበላሽባቸው ለማን እንደሚደውሉ አሰበች። መሐንዲሷ ጫማዋ ላይ ያለውን የደረቀ አፈር ታያለች። ማንም የማንንም ዓይን አላየም፤ በክፍሏ ውስጥ ቀና ብላ የተቀመጠችው አክስት ብቻ ናት።

«አንተ ልጅ» አለች ወደ ጠበቃው ድምፅ፣ «ስሜን ያወጣኸው እኔ ለሌላ ሰው ማስተማር ስለምችል ነው ወይስ ስለማልችል?»

ጠበቃው ፈገግ አለ። «እማማ፣ እርስዎን መከልከል አያስፈልግም ማለቴ ነው።»

«ይሄማ ስድብ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እኔም አስተምሬዋለሁ። ክፉም ይሁን ደግ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እነሱ የሚከለከሉትን እኔም ልከልከል።»

«ግን እኮ ማየት...» ብሎ ጠበቃው ጀመረና ቀሪውን ዋጠው። ወደ መሐንዲሷ ዞረ፣ እሷ አላገዘችውም። እትዬ ወንበሯን ገፍታ ልትነሣ፣ ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላ ለአክስት ልታስጠጋላት ስትል፣ የአክስት እጅ ክንዷን ያዘ።

«አንቺ ተቀመጪ። ስታውቂ ኖረሻል፤ አሁን ማሙሽ ይወቅ።»

ማሙሽ ከበሩ ተነሥቶ መጣ። በእንግዶቹ መሃል ለማለፍ ጎኑን አሹልኮ፣ ወንበር ገፍቶ፣ ፊቱ እንደ ተገረፈ ልጅ ሆኖ ጠበቃው ፊት ቆመ። «ስሟን መልስልኝ» አለው። እንደ ሥራ አስኪያጅ አልነበረም ያለው፤ ምናልባት ዛሬ ከተናገረው ሁሉ ዝግ ያለው እሱ ነው። ጠበቃው ትንሽ ጠበቀ፣ ከዚያ ትከሻውን ሰብቆ ከሰረዘው በላይ ስሟን እንደገና ጻፈና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ማሙሽ የአክስቱን እጅ ይዞ ሳብ አደረገው።

«አትጎትተኝ» አለች አክስት፣ «ትራክተር አይደለሁም። እጄን ብቻ መስመሩ ላይ አሳርፍልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ልትስቅ ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ማሙሽ አጎንብሶ የአክስቱን አመልካች ጣት መስመሩ መጀመሪያ ላይ አኖረ፣ ብዕሩን ከጣቷ አጠገብ አስያዛት። ሲያጎነብስ ፊቱ ከፊቷ ጋር ተጠጋ፤ ያን ጊዜ ነው ዓይኖቿን ያያቸው። በሁለቱም ብሌን ላይ ሞራው እንደ ጭጋግ ወርዷል፣ በብርሃን በኩል ላየው ሰው የሚደበቅ አይደለም። እትዬ ወንድሟ ሲያይ አየችው። መነጽሩን አውልቆ እንደገና አደረገው፣ መነጽሩ ላይ ያለ እድፍ ይሆናል ብሎ ተስፋ እንዳደረገ ሰው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ፣ ከመተንፈስ በማይበልጥ ድምፅ።

«እሱን ቆይተህ ትጠይቀኛለህ። መስመሩ በዚህ ነው አይደል የሚሄደው?»

«በዚህ ነው አክስቴ።»

«ቀጥ ብሎ?»

«ቀጥ ብሎ።»

ጻፈች። ፊደሎቿ ትልልቅ ናቸው፤ ፋብሪካው ውስጥ ጣቃ ላይ በጠመኔ የሚጻፍ ዓይነት፣ ከሩቅ እንዲነበብ። ማንም የወረቀቱ ጠርዝ ደርሷል አላላትም። ማሙሽ ሊላት አስቦ ነበር፣ እጇ ሳይንቀጠቀጥ ሲሄድ አይቶ ተወው፤ እትዬም ተወችው። ብዕሩ ከመስመሩ ወጣ፣ ከወረቀቱ ወጣ፣ እንጨቱ ላይ እየፋቀ ሄዶ የመጨረሻው ፊደል ሲያልቅ ቆመ። አክስት ብዕሩን አስቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ መለሰች። ጠበቃው ወረቀቱን አንሥቶ ቦርሳው ውስጥ ሲከተው፣ የስሟ ግማሽ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።